ፕሮሰሱ ይውደቅ፣ አድራሻው ግን አይሳሳት

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ቦታ ለደንበኞች የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ነበረን። የተጻፈው ኤርላንግ በሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ መልእክት ስም ቀየርኩ። «ላክ» የነበረውን «ኮድ ላክ» አልኩት። ተቀባዩ ፕሮሰስ (በሲስተሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ትንሽ ክፍል) ላይ ቀየርኩ፣ ከሦስቱ ላኪዎች ሁለቱ ላይ ቀየርኩ፣ ሦስተኛውን ረሳሁት። ኮዱ ኮምፓይል ሆነ፤ ማለትም ኮምፓይለሩ ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ቋንቋ ያለ ቅሬታ ተረጎመው። ቴስቱ አለፈ። ሰርቨር ላይ ወጣ። ምንም ነገር አልወደቀም፤ ችግሩም ይሄው ነበር። ሦስተኛው ላኪ በድሮው ስም ይልካል፣ ተቀባዩ የማያውቀው ስም ስለሆነ አያነሳውም፣ መልእክቱ በተቀባዩ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ በላዩ ላይ ሌላ ይደረባል፣ ደግሞ ሌላ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሜሞሪው ሞልቶ ማሽኑ ቆመ። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ስልኩ ላይ አፍጥጦ የማይመጣ ኮድ እንደጠበቀ ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

ኤርላንግ የተሠራው ስህተትን እንዲቋቋም ነው። ፕሮሰስ ሲወድቅ የሚያነሳ ሌላ ፕሮሰስ አለ። ያ ጠባቂ በዚያ ሌሊትም ሥራው ላይ ነበር፤ የሚያነሳው የወደቀ ነገር ግን አላገኘም። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ወድቆ መነሳት የሚችል ሲስተምና የስም ስህተትን ገና ፕሮግራሙ ሳይነሳ የሚይዝ ኮምፓይለር፣ ሁለቱን በአንድ ቋንቋ ማግኘት ይህን ያህል ለምን ከበደ? መልሱን ካገኘሁ በኋላ ነገሩ በጣም ስላስደሰተኝ በቀላል አማርኛ ላስረዳችሁ ፈለግኩ።

ከመነሻው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1986 ስዊድን ውስጥ፣ በቴሌኮም ኩባንያው በኤሪክሰን የምርምር ላብራቶሪ፣ ጆ አርምስትሮንግ አዲስ ቋንቋ መሞከር ጀመረ። ሮበርት ቪርዲንግና ማይክ ዊሊያምስም አብረውት ሠሩ። ዓላማቸው የስልክ ማዞሪያን ፕሮግራም ማድረግ ነበር። የስልክ ማዞሪያ ምን እንደሚጠይቅ አስቡት። በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ያወራል። አንዱ ጥሪ ላይ ባግ (የኮድ ስህተት) ቢያጋጥም የጎረቤቱ ጥሪ መቋረጥ የለበትም። ለጥገና ተብሎ ደግሞ ማዞሪያው አይጠፋም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ፕሮሰስ ይኑረው አሉ። ይሄ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ላይ የምታውቁት ከባዱ ፕሮሰስ አይደለም። ቢም የሚባለው የኤርላንግ ማሽን (ብረት ሳይሆን ፕሮግራሙን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ራሱ የሚያስተዳድረው፣ ሲወለድ 3 ኪሎባይት እንኳ የማይሞላ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ተራ ሰርቨር ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ማስነሳት ይቻላል። እያንዳንዱ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ ሌላው ገብቶ አይነካበትም። መነጋገር ሲፈልጉ መልእክት ይላላካሉ። አንዱ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ቢገባም ሌሎቹን አያስርብም፤ ማሽኑ እየቆጠረ ወደ 4000 ገደማ እርምጃ ሲሞላ ያስቆመውና ተራውን ለሌላ ይሰጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ነው ኤርላንግን ልዩ ያደረገው ሐሳብ የሚመጣው፦ ይውደቅ። ፕሮሰሱ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ራሱን ለማዳን አይፍጨርጨር፣ ይሙት። ከበላዩ ሱፐርቫይዘር የሚባል ሌላ ፕሮሰስ አለ፤ የእሱ ሥራ ልጆቹን መጠበቅና የሞተውን ከንጹህ መነሻ እንደገና ማስነሳት ብቻ ነው። ራሱ የሚወድቅበት ምክንያት እንዳይኖር ሆን ተብሎ ሌላ ሥራ አይሰጠውም። አንድ ልጅ ሲሞት እሱን ብቻ ላንሳ፣ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር፣ ወይስ ከእሱ በኋላ የተነሱትን ብቻ ልድገም የሚለውን አስቀድማችሁ ትነግሩታላችሁ። አንድ ልጅ እየተነሳ ወዲያው እየወደቀ ካስቸገረ ሱፐርቫይዘሩ ዝም ብሎ ለዘላለም አይደግምም። ኤርላንግ ላይ ካልቀየራችሁት በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ1 ጊዜ በላይ ከወደቀ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ይሞትና ጉዳዩን ለበላዩ ያስረክባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። አጥፍቶ ማብራት እንዴት መፍትሔ ይሆናል? ባጉ እኮ ኮዱ ውስጥ አለ። እውነት ነው፤ ግን ስልካችሁ ሲያስቸግር የመጀመሪያው የምታደርጉት ነገር አጥፍቶ ማብራት ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ጂም ግሬይ የተባለ ተመራማሪ ታንደም በሚባል ኩባንያ ሳለ በ1985 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። ባጎችን ለሁለት ከፈላቸው። አንደኛው ዓይነት ያው መንገድ ሲደገም ሁልጊዜ የሚደገም ነው። ሁለተኛው ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ ብቻ ብቅ የሚል ነው፤ ኔትወርክ ለአፍታ ሲጠፋ፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ቅጽበት ሲደርሱ፣ ዲስክ ሲዘገይ። ደግማችሁ ስትሞክሩት ይጠፋል። ግሬይ ካያቸው 132 የሶፍትዌር ስህተቶች ውስጥ የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ያገኘው 1 ብቻ ነበር። የተቀሩት 131 እንደገና ቢሞከሩ የሚያልፉ ናቸው። ይሄ ቁጥር በደንብ በተፈተነ፣ ሥራ ላይ ባለ ሲስተም የተገኘ እንጂ ትናንት በተጻፈ ኮድ ላይ የተገኘ አይደለም፤ በፈተና ወቅት የሚደገሙት ባጎች አስቀድመው ስለሚያዙ የሚተርፉት የሚገጣጠሙት ናቸው።

ይሄን ክፍፍል ያዙልኝ፣ ለጉዳያችን ቁልፉ እሱ ነው። እንደገና ማስነሳት የሚፈውሰው ሁለተኛውን ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን አይፈውስም። እኔ የረሳሁት ስም ሺህ ጊዜ ቢነሳም ያው ስም ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ስህተት በብዛት የሚይዘው ደግሞ ታይፕ ነው። ስታቲክ ታይፕ ማለት፣ ላልለመዳችሁት፣ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ዋጋ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቁጥር ነው፣ ጽሑፍ ነው፣ የደንበኛ መዝገብ ነው ብሎ ማወቁና አለመጣጣም ካየ አላልፍም ማለቱ ነው። ቁጥር የሚጠብቅ ፈንክሽን ላይ ስም ብታስገቡ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቀይ መስመር ታያላችሁ፣ ደንበኛው ጋ አይደርስም። ግን ታይፕ የኔትወርክ ገመድ እንደሚበጠስ፣ መብራት እንደሚሄድ፣ ዳታቤዙ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልስ እንደማይሰጥ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ «ጥሩ ታይፕ ካለኝ ሱፐርቫይዘር ምን ያደርግልኛል» የሚለውም፣ «ሱፐርቫይዘር ካለኝ ታይፕ ምን ያደርግልኛል» የሚለውም ክርክር እኔን አያሳምነኝም። የሚይዙት ስህተት የተለያየ ነው።

ታዲያ ለምን አልተጣመሩም? ሙከራ አልታጣም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፊል ዋድለር የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሊቅ ለአርምስትሮንግ ስልክ ደውሎ ኤርላንግ ታይፕ ያስፈልገዋል፣ የአንድ ዓመት ፋታ ስላለኝ ልሥራላችሁ ብሎ ነበር። ከሳይመን ማርሎው ጋር ሆኖ የሠራው በ1997 ወጣ። ፈንክሽኖችን ይፈትሽ ነበር። በፕሮሰሶች መካከል የሚሄደውን መልእክት ግን አይፈትሽም። ኤርላንግ ውስጥ ነፍሱ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። በኋላ ስዊድን ውስጥ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዲያላይዘር የሚባል መሣሪያ ተሠራ። እሱ በእርግጠኝነት ስህተት ነው ያለውን ብቻ ይናገራል፣ ያልተናገረው ሁሉ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። ጠቃሚ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ፤ የእኔን የተረሳ ስም ግን አልያዘልኝም።

መልእክቱ ለምን አስቸገረ? የፖስታ ሳጥንን አስቡ። እኛ አገር ደብዳቤ በብዛት የሚመጣው ቤት ለቤት አይደለም፣ በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሳጥን አለው። እዚያ ሳጥን ውስጥ ሁሉም ነገር ይገባል፦ የሂሳብ ደረሰኝ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ጋዜጣ፣ ለተሳሳተ ሰው የተላከ ደብዳቤ። ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉ የፈለገውን ይልካል። የኤርላንግ ፕሮሰስም እንደዚያ ነው። አንድ ሳጥን አለው። ቁጥሩን፣ ማለትም የፕሮሰሱን መለያ ያወቀ ሁሉ ምንም ነገር ይልክለታል። ከሌሎች ፕሮሰሶች የሚመጣ ጥያቄ አለ። እሱ ቀደም ሲል ለጠየቀው ጥያቄ የሚመጣ መልስ አለ። እገሌ ሞተ የሚል የማሽኑ መርዶ አለ። እስቲ ያለህበትን ሁኔታ አሳየኝ የሚል የመመርመሪያ መልእክት አለ። ሰዓቱ ደረሰ የሚል ማንቂያ አለ። ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ!

ለማንም መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ለፕሮሰሱ ታይፕ መስጠት ነው። «ይሄ ፕሮሰስ እንዲህ ዓይነት መልእክት ብቻ ይቀበላል» ማለት። ቀላል ይመስላል። ስካላ በሚባል ቋንቋ የተሠራው አካ የሚባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) ለዓመታት ምንም ዓይነት መልእክት ተቀበል ሲል ቆይቶ፣ በ2019 በ2.6 እትሙ ታይፕ ያለውን አሠራር ዋና መንገድ ሲያደርግ የመረጠው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። ችግሩ ግን ወዲያው ይታያል። የእኔ ፕሮሰስ የሂሳብ ጥያቄ ብቻ ይቀበላል ብያለሁ እንበል። ሥራውን ለመጨረስ የአየር ሁኔታ ፕሮሰስን አንድ ነገር ጠየቀ። መልሱ ሲመጣ የአየር ሁኔታ እንጂ የሂሳብ ጥያቄ አይደለም። በየት በኩል ይግባ? አካ መልሱን ወደ እናንተ ዓይነት የሚቀይር አስማሚ መሃል ላይ አስቀምጡ ይላል። ይሠራል። ግን ውስጣዊ ጉዳያችሁ ሁሉ ቀስ እያለ የአንዱ ትልቅ የመልእክት ዓይነት አካል ይሆናል፤ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄና እናንተ በግል የጠየቃችሁት መልስ አንድ ዝርዝር ውስጥ ይደባለቃሉ።

አሁን ወደ ወደድኩት መልስ ደረስን። ግሊም የሚባል ቋንቋ አለ። ሉዊስ ፒልፎልድ ጀመረው፣ የመጀመሪያው እትም በ2019 ወጣ፣ 1.0 ደግሞ በመጋቢት 2024። ኮምፓይለሩ ረስት በሚባል ሌላ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ኮዳችሁን ወደ ኤርላንግ ወይም ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀይረዋል። ወደ ኤርላንግ ሲቀየር ያ የቢም ጥንካሬ እንዳለ ከእናንተ ጋር ነው። ናል የሚባል ባዶ ዋጋ የለውም፣ አንዴ የተፈጠረ ዳታ አይቀየርም፣ ቋንቋውም ትንሽ ስለሆነ ፕሮግራሚንግ የሚያውቅ ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይለምደዋል።

ግሊም ታይፑን ፕሮሰሱ ላይ አልለጠፈም። አድራሻው ላይ ለጠፈው።

እንዴት መሰላችሁ። ሰብጀክት የሚባል ነገር አለ። ውስጡ ሁለት ነገር ይዟል፦ ባለቤቱ ማን እንደሆነ (የፕሮሰሱ መለያ) እና ሌላ ቦታ ፈጽሞ የማይደገም አንድ ማኅተም። ሰብጀክት ሲፈጠር ኮምፓይለሩ የምን ዓይነት መልእክት አድራሻ እንደሆነ ያውቃል። የቁጥር ሰብጀክት፣ የጽሑፍ ሰብጀክት፣ የሂሳብ ጥያቄ ሰብጀክት። መልእክት ስትልኩ ያ ማኅተም በፖስታው ላይ ይመታል። ባለቤቱ ሲያነብ «ይሄ ማኅተም ያለበትን ስጡኝ» ይላል። በዚያ ማኅተም መላክ የሚቻለው ደግሞ በዚያው ሰብጀክት ብቻ ነው፤ በሰብጀክቱ ስትልኩም ኮምፓይለሩ ዓይነቱን አይቶ ነው የሚያሳልፋችሁ። ስለዚህ ያ ማኅተም ያለበት ፖስታ ውስጥ የተሳሳተ ዓይነት ሊገኝ አይችልም። ሳጥኑ ያው አንድ ሳጥን ነው፣ ማሽኑም አልተነካም። የተለወጠው ፖስታው ላይ የሚመታው ማኅተም ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ተመልከቱ። አንድ ፕሮሰስ የፈለገውን ያህል ሰብጀክት ሊኖረው ይችላል። አንዱን ለሁሉም ይሰጣል፣ ሌላውን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ሌላውን ለአንዲት መልስ ብቻ ፈጥሮ ይጥለዋል። የሂሳብ ፕሮሰሱ የአየር ሁኔታውን መጠየቅ ሲፈልግ ለዚያ ጥያቄ ብቻ አዲስ ሰብጀክት ይፈጥርና ከጥያቄው ጋር ይልከዋል። ድሮ መልስ ስንፈልግ አድራሻችን የተጻፈበት ባዶ ፖስታ ከደብዳቤው ጋር አጥፈን እንደምንልከው ማለት ነው። ያ ባዶ ፖስታ ላይ «ቁጥር ብቻ» ተብሎ ከተጻፈ የአየር ሁኔታ ፕሮሰሱ ጽሑፍ መልሶ ሊልክ ቢሞክር ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም።

በምሳሌ ላስረዳው። ቆጣሪ ፕሮሰስ አለን እንበል። የመልእክቱን ዓይነት ስንገልጽ ሁለት አማራጭ ብቻ አለው እንላለን፦ «ጨምር» ከአንድ ቁጥር ጋር፣ እና «ስንት ደረሰ» ከቁጥር መልስ አድራሻ ጋር። ቆጣሪው መልእክት ሲቀበል ሁለቱንም አማራጭ ማስተናገድ አለበት፤ አንዱን ከረሳ ኮምፓይለሩ ይሄኛውስ ብሎ ይጠይቀዋል። ላኪውም ከሁለቱ ውጭ መላክ አይችልም። ነገ «ጨምር» የሚለውን ስም «ደምር» ብላችሁ ብትቀይሩት የድሮውን ስም የሚጠራ ፋይል ሁሉ በመስመር ቁጥሩ ይነገራችኋል፤ የተረሳ ሦስተኛ ላኪ የሚባል ነገር የለም። ይሄን መጀመሪያ ስሞክረው ያ ሌሊት ትዝ ብሎኝ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን እያየሁ ተቀመጥኩ።

የዘገየ መልስ ጉዳይም አለ፣ ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ስለሆነ ልቆይበት። ዳታቤዙን ጠየቅሁት፣ እስከ 1 ሰከንድ ጠበቅሁ፣ አልመለሰም፣ ትቼው ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁ። ከዚያ የመጀመሪያው መልስ ዘግይቶ መጣ። የሁለተኛው መልስ መስሎኝ ባነበውስ? የአበበን ሂሳብ ለከበደ አሳየሁ ማለት ነው። ሁለቱም መልስ ቁጥር ስለሆነ ታይፕ ብቻውን አያድነኝም። ማኅተሙ ግን ያድነኛል። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ አዲስ ሰብጀክት ስላለው የዘገየው መልስ የድሮውን ማኅተም ይዞ ይመጣል፣ ማንም እሱን አይጠብቅም፣ የግሊም አክተር (መልእክት እየተቀበለ የሚሠራ ፕሮሰስ) አላውቀውም ብሎ በሎግ መዝግቦ ይጥለዋል። ኤርላንግም ተመሳሳይ ዘዴ ከድሮ ጀምሮ ነበረው። ግሊም ያደረገው ያንን ዘዴ ከታይፕ ጋር ማጋባት ነው።

ብዙ ሰብጀክት ያለው ፕሮሰስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዴት ይጠብቃል? ለዚህ ሰሌክተር አለ። ከዚህ ሰብጀክት የመጣውን እንዲህ ቀይርልኝ፣ ከዚያኛው የመጣውን እንዲያ፣ የሞት መርዶ ከመጣ ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ትሰበስቡታላችሁ። ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ኮምፓይለሩም ያውቀዋል። የማሽኑ መርዶ ሳይቀር ታይፕ ለብሶ ይገባል።

እስካሁን ያወራነው ሁሉ ሁሉም በሕይወት ሲኖር ነው። አሁን ፕሮሰሱ ይሙት። ሰብጀክቱ ውስጥ የባለቤቱ መለያ አለ አላልኩም? ሱፐርቫይዘሩ አዲስ ፕሮሰስ ሲያስነሳ አዲሱ ሌላ መለያ አለው። የድሮውን አድራሻ የያዙት ሁሉ ለሞተ ሰው ሳጥን ደብዳቤ መላካቸውን ይቀጥላሉ። ቢም ላይ ደግሞ ለሞተ ፕሮሰስ መላክ ስህተት አያስነሳም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። ታይፑ ትክክል ነው፣ ሱፐርቫይዘሩ ትክክል ነው፣ ሲስተሙ ግን አይሠራም። ታይፕና ወድቆ መነሳት በትክክል የሚጋጩበት ቦታ ይሄ ነው፣ ያለዚህ መልስ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነበር።

መልሱ ስም ነው። ፕሮግራሙ ሲጀምር፣ ምንም ፕሮሰስ ሳይወለድ፣ ስም ይፈጠራል። ስሙም ታይፕ አለው። ፕሮሰሱ ሲነሳ በዚያ ስም ይመዘገባል። ሲሞትና ሌላው ሲተካ አዲሱ በዚያው ስም ይመዘገባል። በስም የተሠራ ሰብጀክት የያዘ ሁሉ መልእክት በላከ ቁጥር «አሁን በዚህ ስም ያለው ማን ነው» ብሎ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ቢለወጥም ደብዳቤው «ለሥራ አስኪያጁ» ተብሎ እንደሚሄደው ነው። አንድ ጥንቃቄ ልንገራችሁ፦ ስሞቹን ፕሮግራሙ ሲነሳ ብቻ ፍጠሩ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ወይም ጥያቄ አዲስ ስም አትፍጠሩ። ስም ከበስተጀርባ አተም በሚባል ነገር ነው የሚሠራው። አተም ደግሞ አንዴ ከተፈጠረ ከሜሞሪ አይወጣም። ካልቀየራችሁት ገደቡ 1,048,576 ነው። ሲሞላ አንድ ፕሮሰስ አይደለም የሚወድቀው፣ ማሽኑ በሙሉ ነው። እዚህ ላይ የትኛውም ሱፐርቫይዘር አይደርስላችሁም።

ሌላው የምወደው ነገር ግሊም ሁለት ዓይነት ውድቀትን መለየቱ ነው። ደንበኛው ሂሳቡ ውስጥ በቂ ብር የለውም እንበል። ይሄ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ በየቀኑ የሚሆን። ስለዚህ ፈንክሽኑ «ተሳክቷል ወይም አልተሳካም» የሚል ሪዘልት ይመልሳል፣ ጠሪውም ሆን ብሎ ካላለፈው በቀር ሁለቱንም አይቶ መልስ መስጠት አለበት። የዳታቤዙ ገመድ መሃል ላይ መበጠስ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ መጠበብ አያስፈልግም፤ ፕሮሰሱ ይሙት፣ ሱፐርቫይዘሩ ያንሳው። ብዙ ቋንቋ ሁለቱን አንድ መንገድ ላይ ያጋፋቸዋል፣ ፕሮግራመሩም ሁሉን ነገር ትራይ-ካች በሚባለው የስህተት መያዣ ሸፍኖ ስህተቱን ይውጠዋል። የተዋጠ ስህተት ደግሞ ከወደቀ ፕሮሰስ የከፋ ነው። የእኔ ሌሊት ምስክር ነው።

«ጎ ወይም ረስት ብጠቀምስ?» ትሉ ይሆናል። ሁለቱም ስታቲክ ታይፕ አላቸው፣ ሁለቱም ጥሩ ቋንቋ ናቸው። ግን ጎ ላይ አንዲት ጎሩቲን (ጎን ለጎን የምትሄድ ቀላል ሥራ) ስትወድቅ እዚያው ካልተያዘች ፕሮግራሙን በሙሉ ይዛ ትወድቃለች። ከውጭ ሆኖ አንዲትን ጎሩቲን መግደልም አይቻልም። ረስት ሁለት ክሮች (ጎን ለጎን የሚሄዱ ትሬዶች) አንድ ዳታ ላይ ሳይጠባበቁ እንዳይጽፉ በታይፕ ይከለክላል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የጋራ ዳታውን ቁልፍ ይዞ የሞተ ክር ካለ ግን ያ ቁልፍ፣ የረስት ሚውቴክስ፣ «ተመርዟል» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፣ ምክንያቱም ሟቹ ዳታውን በግማሽ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። የጋራ ሜሞሪ ካለ የአንዱ ሞት የሌላውን ንብረት ያጠራጥራል። ቢም ላይ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ወድቆ መነሳት በኋላ የሚጨመር ላይብረሪ ብቻ አይደለም፣ ከሥር ያለው ማሽን ሊሸከመው ይገባል። ለዚህም ነው ግሊም አዲስ ማሽን ሳይሠራ ቢም ላይ የተቀመጠው።

ኤሊክሰርም፣ ቢም ላይ የሚሠራው የጆዜ ቫሊም ቋንቋ፣ በራሱ መንገድ ታይፕ ቀስ በቀስ እያስገባ ነው። ዋትስአፕ ደግሞ ሰርቨሩ በኤርላንግ ስለተሠራ ለራሱ ኮድ ኢኩዋላይዘር የሚባል የታይፕ መፈተሻ ሠርቶ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። እነሱ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር የቆየ ኮድ ሳይጥሉ ነው የሚሠሩት፤ የእነሱ ሥራ ከግሊም ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ግሊም ከባዶ የመጀመር ዕድል ነበረው።

የማይሸፈነውንም ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ አታለልኳችሁ። ኤርላንግ ሲስተሙን ሳያጠፋ አዲስ ኮድ መጫን ይችላል። ግሊምም ቢም ላይ ስላለ ይቻለዋል፣ ግን ኮምፓይለሩ አሁን እየሠራ ያለው የድሮ ፕሮሰስ ምን ዓይነት ዳታ እንደያዘ አያውቅም፣ ስለዚህ ያንን ሽግግር ሊፈትሽላችሁ አይችልም። እኔ አዲስ እትም ሲኖረኝ አጥፍቼ ነው የማስነሳው። ከግሊም የኤርላንግ ፈንክሽን ስትጠሩም ታይፑን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፣ ኮምፓይለሩ ቃላችሁን አምኖ ያልፋል፤ እዚያ ላይ የዋሸ ሰው በኋላ ይከፍላል። ሁለት ማሽኖች በኔትወርክ ሲነጋገሩና አንዱ ላይ የድሮ እትም ሌላው ላይ አዲሱ ሲኖርም ያው ነው።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን መጠባበቅ ነው። ፕሮሰስ ሀ ለን ጠየቀና መልሱን እየጠበቀ ቆመ። ለ ደግሞ መልስ ለመስጠት ሀን መጠየቅ አስፈለገውና እሱም ቆመ። የላኩት መልእክት ሁሉ ትክክለኛ ዓይነት ነው። ኮምፓይለሩ የሚከስሰው ነገር የለም። ታይፑ «መልሱ ቁጥር ነው» ይላል እንጂ «መልስ ይመጣል» አይልም። ይሄንን ጭምር በታይፕ ለመያዝ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሴሽን ታይፕ በሚባል መንገድ ይሠራሉ፣ በዕለት ተዕለት ሥራ ግን ገና አልተለመደም። እስከዚያው ያለን መሣሪያ የሰዓት ገደብ ነው። ግሊም ውስጥ አንድ ፕሮሰስ ሌላውን በተለመደው መንገድ ጠይቆ ሲጠብቅ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ በሚሊሰከንድ ይናገራል፤ ሰዓቱ ካለፈ ጠያቂው ይወድቃል፣ መጠባበቁም ይፈታል፣ ሱፐርቫይዘሩ ያነሳዋል። እኔ አዲስ ሲስተም ስጽፍ አሁን መጀመሪያ የማደርገው ማን ማንን ቆሞ እንደሚጠብቅ ወረቀት ላይ በቀስት መሳል ነው። ቀስቱ ዞሮ ከተነሳበት ከገባ ኮድ መጻፌን አቁሜ ከሁለቱ አንዱ መልስ ሳይጠብቅ እንዲልክ አደርጋለሁ። ከዚያ ቴስት ውስጥ እያንዳንዱን ፕሮሰስ በተራ እየገደልኩ፣ ሌሎቹ በስሙ ሲጠሩት አዲሱን ማግኘታቸውን አያለሁ።